በዳኔ ልጁን ወደ ወፎቹ ደሴት ሊያሻግር የተነሳ ዕለት

ዘመኑ 1979 ዓ.ም.፣ ወሩ ጥር ነበር። ጠዋቱ ይበርዳል፣ ቀትሩ ያቃጥላል፤ ከጥቅምት ወዲህ ጠብታ ዝናብ አልጣለም።

በሐይቁ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ በዳኔ የሚባል ገበሬ ነበር። ሰውዬው ወሬ አይወድም። "ደህና አደርክ?" ሲሉት ራሱን ይነቀንቃል፤ "ደህና ዋልክ?" ሲሉትም ያንኑ ነቅንቆ ያልፋል። እታገኝ የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። ሰባት ዓመት ሲሆናት በሐይቁ መሐል ወዳለችው ደሴት ጣቷን ቀስራ፣ "አባዬ፣ እዚያ ውሰደኝ" አለችው። ደሴቲቱ ጥንት ምድር እሳት ስትተፋ የወጣች ጥቁር ድንጋይ ናት። ሰው አይኖርባትም። በዙሪያዋ ጉማሬ ይተኛል፤ በላይዋ ከመንቁራቸው ሥር ከረጢት ያንጠለጠሉ ነጫጭ ወፎች በሺህ እየሆኑ ይፈለፍላሉ። በዳኔ ያን ቀን፣ "ሳትዳሪ ታያለሽ" አላት። ሦስተኛ ቃል አልጨመረም።

አሁን እታገኝ ሃያ ዓመቷ ነው። ለሠርጓ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቷል፤ ሙሽራው የሚወስዳት ደጋ ነው፣ የሁለት ቀን መንገድ። ሽንኩርት ስትኮተኩት ቀና ብላ ደሴቲቱን አየችና፣ "አባዬ፣ ልዳር ነው እኮ" አለች።

በዳኔ መኮትኮቻውን ጣለ። የሚሰጠው ቃል ጥቂት ነው፤ የሰጠውን ግን አጥፎ አያውቅም። "ነይ" አላት።

ታንኳ ያለው ጋሽ ቱሉ ነው። ዳር ላይ ተቀምጦ መረብ ሲጠግን አገኙት።

"ጋሽ ቱሉ፣ አሻግረን።"

"በዳኔ! አፍ አለህ ለካ! ታንኳው ይኸው። ግን መግፊያ ቀርከሃዬን ለእማማ ሽብሬ አውሻለሁ። በእጄ እየቀዘፍኩ ጉማሬ መሐል አልገባም፤ ገና ልጆች አሉኝ።"

ወደ እማማ ሽብሬ ሄዱ። ቀርከሃው ቤት ውስጥ ቆሞ የጎበጠውን ጣሪያ ደግፏል። በዳኔ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ቀርከሃው ካልተነቀለ ታንኳው አይሄድም፤ ታንኳው ካልሄደ ልጄ ደሴቲቱን አታይም" አለ።

"ውይ በሞትኩት! ብትነቅለው እኮ ጣሪያው እኔው ላይ ነው። ምሰሶ አስቆርጬ ጫካው ጥግ ተጋድሟል፤ እሱን የመንገሻ በሬዎች ይጎትቱልኝና ቀርከሃህን ይዘህ ሂድ፣ የኔ ልጅ።"

ወደ መንገሻ ሄዱ። መንገሻ ሰው መተረብ ይወዳል። በዳኔ እንዲህ አለው፦ "ምሰሶው ካልተጎተተ ቀርከሃው አይነቀልም፤ ቀርከሃው ካልተነቀለ ታንኳው አይሄድም፤ ታንኳው ካልሄደ ልጄ ደሴቲቱን አታይም።"

መንገሻ ወደ ጓሮ ዞሮ ሚስቱን ተጣራ። "አንቺ፣ ነይ ቶሎ! በዳኔ እያወራ ነው! በል እስቲ ድገመው፣ ትስማህ።"

በዳኔ ደገመው። ላብ አጠመቀው።

"በሬዎቹስ አሉ" አለ መንገሻ ሳቁን እያፈነ፣ "ግን የቀንበሩ ጠፍር ደርቆ እንጨት ሆኗል። ቅቤ ካልጠጣ አይታሰርም። ቅቤ ደግሞ ያለው እትዬ አስካለ ዘንድ ነው።"

ወደ እትዬ አስካለ ሄዱ። "ቅቤ ካልተገኘ ጠፍሩ አይለዝብም" አለ በዳኔ፣ "ጠፍሩ ካልለዘበ በሬው አይጠመድም፤ በሬው ካልተጠመደ ምሰሶው አይጎተትም፤ ምሰሶው ካልተጎተተ ቀርከሃው አይነቀልም፤ ቀርከሃው ካልተነቀለ ታንኳው አይሄድም፤ ታንኳው ካልሄደ ልጄ ደሴቲቱን አታይም።" ብሎ ውሃ ለመነ።

እትዬ አስካለ ውሃውን ሰጠችውና፣ "ቅቤ ከየት አባቴ ላምጣ? ላሚቱ ወተት ከከለከለችኝ ስንት ቀኗ! ያቻትልህ፣ ራስዋን ጠይቃት" አለች።

"አባዬ፣ ንገራት እንጂ" አለች እታገኝ። "እሷም እንዳንተ ዝምተኛ ናት፤ ትግባባላችሁ።"

በዳኔ ልጁን በጎን አያት። ቀልዷ አልጣመውም። ግን ሠርጉ ዐሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረው። ላሚቱ ፊት ቆመ፦ "ወተት ካልሰጠሽ ቅቤ አይገኝም፤ ቅቤ ካልተገኘ ጠፍሩ አይለዝብም፤ ጠፍሩ ካልለዘበ በሬው አይጠመድም፤ በሬው ካልተጠመደ ምሰሶው አይጎተትም፤ ምሰሶው ካልተጎተተ ቀርከሃው አይነቀልም፤ ቀርከሃው ካልተነቀለ ታንኳው አይሄድም፤ ታንኳው ካልሄደ ልጄ ደሴቲቱን አታይም።"

ላሚቱ አዳምጣ ስትጨርስ ጀርባዋን ሰጠችው። ከዚያ ጅራቷን አነሳች።

"መልሷን ሰማህ" አለች እትዬ አስካለ። "እርጥብ ሣር ነው የምትለው። በዚህ ድርቅ እርጥብ ሣር ያለው የሁንዴ ድንበር ላይ ብቻ ነው።"

የሁንዴን ስም ሲሰማ በዳኔ ባለበት ቆመ። ሁንዴ የማሳ ጎረቤቱ ነው። ከአንድ ቦይ ነው የሚያጠጡት፤ ከተነጋገሩ ግን ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። እታገኝ ቀድማው ሄደች። እሱም የግዱን ተከተላት።

ሁንዴ ከሐይቁ በባልዲ እየቀዳ ሽንኩርቱን አንድ በአንድ ያጠጣል። ቀና አላለም። በዳኔ ድንበሩ ላይ ቆሞ፣ ድምፁ ተዘግቶ፣ ከራስ እስከ ጭራው አወረደው፦ "ሣር ካልተገኘ ላሚቱ አትታለብም፤ ላሚቱ ካልታለበች ቅቤ አይገኝም፤ ቅቤ ካልተገኘ ጠፍሩ አይለዝብም፤ ጠፍሩ ካልለዘበ በሬው አይጠመድም፤ በሬው ካልተጠመደ ምሰሶው አይጎተትም፤ ምሰሶው ካልተጎተተ ቀርከሃው አይነቀልም፤ ቀርከሃው ካልተነቀለ ታንኳው አይሄድም፤ ታንኳው ካልሄደ ልጄ ደሴቲቱን አታይም።"

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ።"

"ሣሩ ይኸው። ማን ያጭደው? ባልዲውን ካስቀመጥኩ ሽንኩርቴ ይሞታል። ቦዩ ውሃ ካላመጣ ባልዲውን አላስቀምጥም።"

"እኔ አጭዳለሁ።"

"በኔ ድንበር? ማጭድህን ይዘህ ግባና እንተያያለን!"

እታገኝ ሁለቱን በየተራ አየቻቸው። "ቦዩን ማን ዘጋው?"

ሁንዴ ሰማይ ሰማይ አየ። በዳኔ ጫማውን አየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁንዴ በበዳኔ የውሃ ተራ ቦዩን ወደ ራሱ ማሳ መልሶ አጠጥቶበት ነበር። በዳኔ አልተቆጣም፣ አልጠየቀም። በማግስቱ ቦዩን ወደ ሁንዴ ማሳ በሚያልፍበት በኩል በድንጋይና በጭቃ ደፍኖ ሁንዴ መጥቶ እስኪናገረው ጠበቀ። ሁንዴም በዳኔ መጥቶ እስኪናገረው ጠበቀ። የውሃ ተራ የሚያስከብሩት የውሃ አባት እንኳ ሁለቱን ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ጀመር።

እታገኝ አልሳቀችም። ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች፦ "አባዬ ካልተናገረ ቦዩ አይከፈትም፤ ቦዩ ካልተከፈተ ባልዲው አይቀመጥም፤ ባልዲው ካልተቀመጠ ሣሩ አይታጨድም፤ ሣሩ ካልታጨደ ላሚቱ አትታለብም፤ ላሚቱ ካልታለበች ቅቤ አይገኝም፤ ቅቤ ካልተገኘ ጠፍሩ አይለዝብም፤ ጠፍሩ ካልለዘበ በሬው አይጠመድም፤ በሬው ካልተጠመደ ምሰሶው አይጎተትም፤ ምሰሶው ካልተጎተተ ቀርከሃው አይነቀልም፤ ቀርከሃው ካልተነቀለ ታንኳው አይሄድም፤ ታንኳው ካልሄደ እኔ ደሴቲቱን ሳላይ እዳራለሁ።"

የምታጥፈው ጣት አለቀ። እጇን ዝቅ አደረገች።

በዳኔ በዚያ አንድ ቀን የዓመት ወሬውን ጨርሷል። አሁን የቀረው ቃል አጭር ነበር፤ ከሁሉም የከበደውም እሱ ነው።

"እኔ ነኝ የዘጋሁት" አለ።

ሁንዴ ባልዲውን አስቀመጠ። "ተራህን የወሰድኩትም እኔ ነኝ። ሚስቴን ምጥ ይዟት ነበር፤ ቀኑ ተምታታብኝ።"

"አልነገርከኝም።"

"አልጠየቅከኝም።"

"ምን ተወለደ?"

"ወንድ።"

"እሰይ" አለ በዳኔ። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ቦዩ ውስጥ ገባ። ሁንዴም ከላይ በኩል ገባ። ድንጋዩን እየተቀባበሉ አወጡት።

ቦዩ ተከፈተ፤ ባልዲው ተሰቀለ፤ ሣሩ ታጨደ፤ ላሚቱ ጠግባ ታለበች፤ ወተቱ ተንጦ ቅቤ ወጣ፤ ጠፍሩ ለዘበ፤ በሬዎቹ ተጠመዱ፤ ምሰሶው ተጎተተ፤ ቀርከሃው ተነቀለ፤ በስምንተኛው ቀን ማለዳ ታንኳው ሄደ። ጉማሬዎቹ ጆሯቸውን ብቻ አራገቡ።

ደሴቲቱ ከሩቅ እንደምትታየው አይደለችም። ድንጋዩ እግር ያቃጥላል፤ ሽታው አፍንጫ ይቆርጣል፤ ጩኸቱ ገበያ ነው። ጫጩቶቹ ላባ የሌላቸው፣ አስቀያሚ ናቸው። አንዷ ወደ እናቷ ሮጠችና ጭንቅላቷን እስከ አንገቷ በእናቷ ከረጢት ውስጥ ከታ ትበላ ጀመር። እታገኝ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ማየቷን ቀጠለች።

ጋሽ ቱሉ ከታች ተጣራ። "በሉ እንሂድ! ነፋስ ሊነሳ ነው፤ ነፋስ ከተነሳ እስኪበርድ መንቀሳቀስ የለም! አያችሁ አይደል?"

በዳኔ ልጁን አያት። ማሳው ላይ የሚጠብቀው ሥራ ሞልቷል፤ የሠርጉ ዳስም አልተጣለም።

"ይነሳ" ብሎ መለሰለት። ጋቢውን አውልቆ ትኩሱ ድንጋይ ላይ አነጠፈላትና ከጎኗ ተቀመጠ።