ከሙሽራዋ ጋር የመጣው ፈረስ

«ተረቴ መጣች ወንዝ ተሻግራ» ስላችሁ፣ «ትግባ፣ ትቀመጥ ከእኛ ጋራ» በሉኝ። እንግዲህ ገብታለች፤ ስሙ።

በድሮ ጊዜ አንጓች የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ ሲድራት አንድ ፈረስ አብሮ ሰጣት። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ ይባላል። ቦራ እዚያው አባቷ ቤት ተወልዶ፣ ከአንዲት አሮጊት አህያ ጋር በአንድ ጋጣ ያደገ ነው። ከዚያ ግቢ ወጥቶ ሌላ ቤት አድሮ አያውቅም።

ሰርጉ አለቀ። አንጓች ወደ አማቷ ወደ አያ ደምለው ግቢ ገባች። ቦራም ገባ። ለሙሽራዋ እልል ተባለላት። ለፈረሱ እልል ያለለት የለም።

ሣር አቀረቡለት፤ አሸተተና ተወው። ውሃ አቀረቡለት፤ አየውና ተወው። ሰው ሲጠጋው ይራገጣል። ሰው ሲርቀው በመጣበት መንገድ በኩል ጆሮውን ቀስሮ ያሽካካል።

አያ ደምለው ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ በሬ እንጂ ፈረስ ኖሮት አያውቅም፤ ትዕግሥትም ብዙ አልነበረውም። ሽባባው የሚባል ጎረቤት ነበረው። ሽባባው ደግሞ ከሰርጉ ዕለት ጀምሮ ዓይኑ ፈረሱ ላይ አርፏል።

ሽባባው መጣ። «አያ ደምለው፣ ፈረስህ አልበላም አሉ» አለ።

«አልበላም።»

«ገመዱን አሳጥርበት። ገመዱ የረዘመለት ፈረስ አገሩን ያስባል።»

አያ ደምለው ገመዱን አሳጠረበት። ቦራ ሲታገል ውሎ አንገቱ ተላጠ። አልበላም።

በማግሥቱ ሽባባው መጣ። «ሣሩን ከልክለው። ረሃብ የማያሳምነው የለም» አለ።

አያ ደምለው ሣሩን ከለከለው። የቦራ ሆድ ከጀርባው ተጣበቀ። ማታ ሣሩን ሲመልሱለት ዘወር ብሎም አላየው።

በሦስተኛው ቀን ሽባባው መጣ። «እንግዲህ የቀረህ አለንጋ ነው» አለ።

አያ ደምለው ኮርቻ ጫነ፣ ወጣበት፣ በአለንጋ ሸነቆጠው። ቦራ ሁለት ጊዜ ዘለለ። በሁለተኛው አያ ደምለውን እሾህ አጥሩ ላይ ጣለው።

ሽባባው ደግፎ አነሣው። «ወንድሜ፣ ይህ ፈረስ ገደ ቢስ ነው። ገደ ቢስ ፈረስ ይዛ የመጣች ሙሽራም . . . እኔ ምን አገባኝ፣ አልናገርም። ብቻ ፈረሱን ስጠኝና ከደጅህ ላርቅልህ» አለው።

አያ ደምለው ከጭኑ እሾህ እየነቀለ፣ «እስከ ሦስት ቀን ቤቴን ካልለመደ ውሰደው» አለ።

ይህን ሁሉ አንጓች ከጓዳ ሆና ሰማች። በዚያ አገር ሙሽራ አማቷን ቀና ብላ አታይም፤ ፊት ለፊትም አታናግርም። እስከዚያ ቀን ዝም ያለችው ለዚህ ነው። አሁን ግን ፈረሱ «ገደ ቢስ» ተብሎ ከወጣ፣ ቀጥሎ የምትወጣው እሷ መሆኗን አውቃለች። ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። መሬት መሬት እያየች ቆመች።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሦስቱን ቀን ለእኔ ይስጡኝ» አለች።

«አንቺ ስለ ፈረስ ምን ታውቂያለሽ?»

«ስለ ፈረስ ብዙም አላውቅ። አዲስ ቤት መግባት ምን እንደሆነ ግን ሰሞኑን አውቄያለሁ።»

አያ ደምለው የመጨረሻውን እሾህ ከጭኑ ነቅሎ ጣለ። «ይሁን» አለ።

አንጓች በመጀመሪያ ባሏን ካሴን ወደ አባቷ አገር ላከችው። ከጋጣው አንድ ሸክም ድርቆሽና አሮጊቷን አህያ እንዲያመጣላት ነገረችው። ከዚያ የቦራን ገመድ አስረዘመች። ሣርና ውሃ አስቀመጠችለት። እንዝርቷን ይዛ፣ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠችና ጥጧን ትፈትል ጀመር። አላባበለችውም፤ አልጠራችውም። አላፊ አግዳሚው ሳቀባት። ቀትር ላይ ቦራ ቀስ ብሎ ተጠጋ። ፀጉሯን አሸተተ። ዞር ብሎ ውሃውን ጠጣ። በዚያ ቀን ከዚህ ሌላ ምንም አልሆነም።

በሁለተኛው ቀን ካሴ ድርቆሹን በአህያዋ ጭኖ ደረሰ። አንጓች ብዙ ድርቆሽ ወሰደች፤ ከአዲሱ ሣር አንድ እፍኝ ብቻ ቀላቀለችበት። ቦራ በላ። ማታ ድርቆሹን ቀነሰች፣ ሣሩን ጨመረች። በላ። አህያዋን ከአጠገቡ አሰረቻት። ቦራ አንገቱን በአንገቷ ላይ አስደግፎ ቆመ።

በሦስተኛው ቀን አህያዋን አስቀድማ፣ ቦራን በልጓም ይዛ ወጣች። አጥሩን ዞሩ፤ ወደ ወንዙ ወረዱ፤ በአውድማው በኩል ተመለሱ። ቆሞ ሲያሸት ቆመችለት። ውሻ ሲጮህበት እስኪረጋ ጠበቀችው። ሁለተኛ ዞሩ። ሦስተኛ ሲዞሩ ልጓሙን ለቀቀችለት፤ ቦራ አህያዋን አልፎ ወደ ቤት መንገዱን ራሱ መራ።

አንጓች አማቷን ጠራችው። እፍኝ ሣር በእጁ ሰጠችው። ቦራ ከእጁ በላ። አያ ደምለው የፈረሱ ትንፋሽ መዳፉን ሲያሞቀው ደንገጥ ብሎ እጁን ሰበሰበ። ከዚያ ደግሞ ራሱ ሣር አነሣና ሰጠው።

ማታ ሽባባው ገመድ ይዞ መጣ። ያየውን አላመነም። «ይህ የለመደው ልጅቷን ነው እንጂ ቤቱን አይደለም። እሷ ዘወር ብትል አገሩ ይገባል። ቃልህ ደግሞ ስለ ቤቱ ነው» አለ።

ወደ አገሩ ዳኛ ሄደው ተካሰሱ። ዳኛው የሁለቱንም ቃል ሰማ። «ፈረሱ ራሱ ይመስክር። ነገ በሁለቱ ግቢ መካከል ይለቀቅ። ሙሽራዋ ከቤት አትውጣ፤ አህያዋም እኔ ዘንድ ትቆይ። የገባበት ቤት ባለቤት ይውሰደው» አለ።

«ከተሸነፍኩ በቅሎዬን ልቀጣ» አለ ሽባባው። እንደማይሸነፍ አስቧላ።

ነጋ። ሕዝቡ ተሰበሰበ። ሽባባው አንድ ቁና ገብስ ደጁ ላይ አፍስሶ ቆመ። አያ ደምለው ገብሱን ሲያይ ላብ አጠመቀው፤ እሱም ገብስ ሊያመጣ ወደ ቤት ሮጠ። አንጓች ከበሩ ሳትወጣ ውስጥ ሆና ጠበቀችው። «ተዉት አባቴ። ገብስ የጠራው ገብሱ እስኪያልቅ ነው የሚቆየው» አለችው። አያ ደምለው ባዶ እጁን ተመለሰ።

ቦራ ተለቀቀ። በቀጥታ ወደ ገብሱ ሄደ። ሽባባው ፈገግ አለ። ቦራ በላ። ሲበላ ሽባባው ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ቦራ ገብሱን አንድ ሳያስቀር ጨረሰ። ሽባባው ወደ ግቢው ገባ ብሎ፣ «ና፣ ና» አለው። ቦራ ቀና ብሎ አየው። ከንፈሩን ላሰ። ከዚያ ዞረና ሳይሮጥ፣ ሳይቸኩል ወደ አያ ደምለው ደጅ ሄደ። ገባ። ግቢው መካከል ተኛና እግሮቹን ወደ ሰማይ ሰቅሎ አቧራው ላይ ተንከባለለ።

ሕዝቡ ሳቀ። ዳኛው አልሳቀም። «ፈረስ በማያምነው መሬት ላይ ሆዱን ወደ ላይ አያዞርም። ተፈርዷል» አለ።

ሽባባው ገብሱም አለቀበት፣ በቅሎውም ሄደችበት። ከዚያ ወዲያ ስለ ሙሽራዋ ገድ ያወራ የለም።

በቅሎዋም አያ ደምለው ግቢ በገባችበት ቀን ሣሩን አሸትታ ተወችው። ካሴ፣ «አባቴ፣ ገመዱን ላሳጥርባት?» ብሎ ጠየቀ።

አያ ደምለው፣ «ተው ልጄ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሂድና ሚስትህን ጥራት» አለው።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ ውሃ የቀረበው ያቀብለኝ።