መሠራታቸው የቀረ ጀልባዎች

በነፋስ የሚሄዱትን የሸራ ጀልባዎች የሚሠራው የአናጢዎች ቤት ተዘጋ። የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር ሊቀመንበር አቶ ቢያድግልኝ ይህን እንደሰሙ አባላቱን ሐይቁ ዳር ሰበሰቡ። መጥረቢያ የያዙ ሁለት ሰዎችም አስከትለው ነበር።

በማኅበሩ ልማድ ሊቀመንበር በጉባኤ ቆሞ የተናገረው አይሻርም። አቶ ቢያድግልኝም ተነሥተው ቆሙ።

«ሠሪው መሥራት ያቆመው ነገር አይረባም! ያሉን የሸራ ጀልባዎች ዛሬውኑ ተፈልጠው ማገዶ ይሁኑ። ሠሪው ካቆመ በኋላ የሚረባ አንድ ነገር የሚጠራልኝ ካለ ግን ጀልባዎቹን አልነካም» አሉ።

ከኋላ የተቀመጠች ባሏ የሞተባት ዓሣ አጥማጅ ጀልባዋን አየች። ልጆቿን የምታሳድገው በእሷ ነው። ተነሣች።

«ጌታዬ፣ እናትዎ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ምን አገናኘው?»

«ከእርስዎ በኋላ ወልደዋል?»

«የለም፤ የመጨረሻው እኔ ነኝ!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

«እሳቸውም ካቆሙ ይኸው ስንት ዓመታቸው! እርስዎን ግን እስከ ዛሬ ይፈለጥ ያለ የለም።»

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። አቶ ቢያድግልኝ ቃላቸውን ሊያጥፉ አሰቡ፤ ነገር ግን ሲናገሩ ቆመው ነበር።