እትዬ ጦይባ ያልሰሙት ግማሽ

እኔ ላውጣ፣ እናንተ ተቀበሉ። ነገሩ ሲረዝም አትሰልቹብኝ፤ ያረዘመው ዝናቡ ነው።

በወሎ፣ አንድ ሐይቅ ዳር፣ ሦስት ቀን የሚቆይ የሙዚቃ ፌስቲቫል ነበር። ሜዳው ላይ መድረክ ቆሟል፣ ከመድረኩ ፊት ድንኳን እንደ እንጉዳይ ፈልቷል። ክራሩም፣ ዋሽንቱም፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ባለ ትራምፔት ባንድም ተራቸውን እየጠበቁ ይጫወታሉ። ሕዝቡ ቀን ይጨፍራል፣ ማታ ድንኳኑ ያፈስበታል፣ ጠዋት ካልሲውን ጨምቆ ተመልሶ ይጨፍራል። ሰው እንዲህ ያለ ትዕግሥት እንዳለው በሌላ ጉዳይ ብዙም አይታይም።

እትዬ ጦይባ ከአምባሰል በኩል የመጡት ለአንድ ዘፈን ነው። ልጅ ሳሉ፣ በመንደራቸው አውድማ ላይ እህል ሲወቃ የሚዘፈን ነበር። አውጪው አውድማው ላይ ሆኖ ያወጣል፣ የሚወቁት ወንዶች ይቀበላሉ። ልጃገረዶቹ ደግሞ ከታች፣ ከምንጩ ውሃ እየቀዱ፣ ከሩቅ ይቀበላሉ። መቀበያው "አለሁ፣ አለሁ፣ ወዲህ አለሁ" ነው። እትዬ ጦይባ ይህን አሳምረው ያውቁታል። አውጪው የሚለውን ግን ነፋሱ ስለሚወስደው አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም። ልጅነታቸውን በሙሉ "አለሁ" ሲሉ ኖሩ፤ ማን ምን ብሎ እንደጠራቸው ግን አላወቁም።

አውጪው ከሞተ ቆይቷል። ዘፈኑን የያዘው ልጁ ይመር ብቻ ነው። ይመር የሚዘፍነው በመጨረሻው ቀን ነው። በመጨረሻው ቀን ደግሞ እትዬ ጦይባን ወደ አገራቸው የሚመልሰው አውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነሳል። ለከርሞ ጉልበታቸው እዚህ ያደርሳቸው እንደሆነ እሳቸውም፣ ጉልበታቸውም እርግጠኛ አልነበሩም።

በዚያ ቀን ጠዋት ከመድረኩ ጀርባ ሄዱ። ይመር ከበሮውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

"ይመር፣ የአባትህን ዘፈን ልሰማ ነው የመጣሁት።"

"እኔም ልዘፍን ነው የመጣሁት እትዬ። ከበሮው ግን ይኸውልዎት።" በመዳፉ መታው። ከበሮው ብፍ አለ። የሌሊቱ ዝናብ ቆዳውን አርሶት ላልቷል።

"ያለ ከበሮ ዝፈነዋ።"

"ያለ ከበሮ አልዘፍንም።"

"እሺ፣ ቃሉን ብቻ ንገረኝ።"

"የአባቴ ዘፈን ዜና ነው እንዴ የሚነገረው?"

የላላ ቆዳ የሚጠብቀው እሳት ሲሞቅ ነው። እትዬ ጦይባ ከበሮውን ዳበሱት፤ ከበሮው ያለ እሳት አልጮህም አለ። ከመድረኩ ጀርባ ወዳለው ምድጃ ሄደው እፍ አሉበት፤ እሳቱ ያለ ደረቅ እንጨት አልነድም አለ። ጭሱን ሰጣቸውና ጠፋ።

እንግዲህ ይመር ያለ ከበሮ አልዘፍንም አለ፣ ከበሮው ያለ እሳት አልጮህም አለ፣ እሳቱ ያለ ደረቅ እንጨት አልነድም አለ።

ደረቅ እንጨት አለ። በላስቲክ ተሸፍኖ፣ በሁለት አህዮች ተጭኖ፣ ከፌስቲቫሉ በር ውጭ ቆሟል። ባለቤቱ እንድሪስ ከጥበቃው ከወንዳፍራሽ ጋር ይከራከራል።

"ትናንት ያስገባኸኝ አንተ አይደለህም?"

"ትናንት የመግቢያው የእጅ ማሰሪያ ቢጫ ነበር፣ አንተም ቢጫ አስረህ ነበር። የዛሬው አረንጓዴ ነው።"

"እኔ ልቅር። አህዮቹ ይግቡ።"

"አህዮቹም ያለ ማሰሪያ አያልፉም። መመሪያው የሚለው 'የሚገባ ሁሉ' ነው። ሁለት እግር፣ አራት እግር ብሎ አልለየም።"

እትዬ ጦይባ ከውስጥ በኩል ቀረብ አሉ። "ልጄ፣ እንጨቱን በአጥሩ ላይ ያቀብለኝ።"

"እማማ፣ ዕቃው በአጥር ከገባ እኔ በሩ ላይ ምን እሠራለሁ?" አለ ወንዳፍራሽ። ይህን ያለው በክፋት አልነበረም። ዝናቡ ሲወርድበት ያደረው ለዚያ በር ነበር።

ይመር ያለ ከበሮ አልዘፍንም አለ፣ ከበሮው ያለ እሳት አልጮህም አለ፣ እሳቱ ያለ እንጨት አልነድም አለ፣ እንጨቱ ያለ አህያ አልመጣም አለ፣ ጥበቃው ያለ ማሰሪያ አላሳልፍም አለ።

ማሰሪያ የምትሰጠው ሜላት ናት። ከጠዋት ጀምሮ ሰውን ሁሉ ይቅርታ ስትጠይቅ ድምፅዋ ተዘግቷል።

"ከየት ላምጣ እማማ? አረንጓዴው ካርቶን ውስጥ ነው፣ ካርቶኑ መኪናዋ ውስጥ ነው፣ መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ናት።"

"ካርቶኑን አውርዱታ።"

"የኋላ በሯ ከዳገቱ ጋር ተጣብቋል። ካልወጣች አይከፈትም።"

እትዬ ጦይባ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ሜዳው ግርጌ ወረዱ። መኪናዋ ጎማዋን ታሽከረክራለች፣ ጭቃዋን ትረጫለች፣ ካለችበት ግን ፈቀቅ አትልም። ያለ ገፊ አልወጣም አለች።

ገፊ ደግሞ ሞልቷል። ከቆቦ የመጡት ጨፋሪዎች፣ እያንዳንዳቸው እንደ በር የሰፉ ጎረምሶች፣ መኪናዋን ከበው ቆመዋል። አለቃቸው ዘውዱ ይባላል።

"ምን ትጠብቃላችሁ ልጆቼ? ግፉ እንጂ።"

"እማ፣ በእኛ አገር ከባድ ነገር ዝም ተብሎ አይነሳም። ያለ ዘፈን ጉልበታችን አንድ ላይ አይመጣም፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይተነፍሳል።"

"እናንተ ራሳችሁ ዘፋኞች አይደላችሁ?"

"የእኛ ዘፈን የመዝለል ነው። ሞክረነው ነበር።"

"እና?"

"እኛ ዘለልን፣ መኪናዋ ቆመች።"

ስለዚህ ይመር ያለ ከበሮ አልዘፍንም አለ፣ ከበሮው ያለ እሳት አልጮህም አለ፣ እሳቱ ያለ እንጨት አልነድም አለ፣ እንጨቱ ያለ አህያ አልመጣም አለ፣ ጥበቃው ያለ ማሰሪያ አላሳልፍም አለ፣ ሜላት ያለ ካርቶኑ አልሰጥም አለች፣ መኪናዋ ያለ ገፊ አልወጣም አለች፣ ገፊዎቹ ያለ ዘፈን አንገፋም አሉ። ዘፈኑ ደግሞ ይመር ዘንድ ነው፣ ይመርም ያለ ከበሮ አልዘፍንም ብሏል። ዞሮ ዞሮ የተነሳበት ላይ ቁጭ አለ።

ፀሐይ አናት አልፋለች። አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያሞቅ ከመንገዱ ይሰማል። እትዬ ጦይባ ወደ ዘውዱ ዞሩ።

"የአውድማ ዘፈን አለ" አሉ በመጨረሻ። "ለእንዲህ ያለ ሥራ የተሠራ ነው።"

"በሉ ያውጡልን እማ።"

"ማውጫውን አላውቀውም። ከጠዋት ጀምሮ የምዞረው እሱን ፍለጋ ነው። እኔ መቀበሉን ብቻ ነው የማውቀው።"

ዘውዱ ጓደኞቹን አየ። "ሳይወጣ ምኑን ይቀበሉታል?"

"እኔ ሁልጊዜም እንደዚያው ነበር የምቀበለው። አንተ መኪናዋን ያዝ።"

ከመኪናዋ ጎን ቆሙና ጀመሩ። "አለሁ፣ አለሁ፣ ወዲህ አለሁ።" ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ግን ከምንጭ እስከ አውድማ እንዲደርስ የተገራ ድምፅ ነበር። ከዚያ ዝም አሉ። አውጪው የሚያወጣበትን ያህል፣ አንድ ትንፋሽ ሳያጎድሉ፣ ዝም። ደግሞ "አለሁ፣ አለሁ፣ ወዲህ አለሁ።" ጎረምሶቹ መጀመሪያ በዝምታው ጊዜ ገፍተው እርስ በርስ ተጋጩ። ቀጥሎ በዝምታው ተነፈሱ። ከዚያ ወዲያ "አለሁ" በተባለ ቁጥር ሁሉም አንድ ሰው ሆኑ። ያንን ዝምታ ለሰማ ሰው ዘፈኑ ምንም የጎደለው አይመስልም ነበር። ከላይ፣ ከመድረኩ ጀርባ፣ ይመር ቀና አለ፤ እግሩ ሳያዘው መሬቱን ይመታ ጀመር።

መኪናዋ አቃሰተች፣ ተንፏቀቀች፣ ወጣች።

መኪናዋ ስትወጣ በሯ ተከፈተ፣ በሯ ሲከፈት ካርቶኑ ወረደ፣ ካርቶኑ ሲወርድ ሜላት ሰጠች፣ ሜላት ስትሰጥ ወንዳፍራሽ አሰረ። ለእንድሪስ በእጁ አሰረለት፣ ለአህዮቹም በፊት እግራቸው፤ መመሪያው መመሪያ ነው። "ለልጄ ሠርግ እንኳን እንዲህ አላጌጡም" አለ እንድሪስ እየነዳቸው። አህዮቹ ሲገቡ እንጨቱ መጣ፣ እንጨቱ ሲመጣ እሳቱ ነደደ፣ እሳቱ ሲነድ ከበሮው ሞቀ። ይመር ከበሮውን በእሳቱ ዙሪያ እያዞረ በጣቱ ይሞክረዋል። ብፍ። ብም። ድም።

አውቶቡሱ ጡሩንባውን ነፋ።

"እቴ፣ አውቶቡሱ እየጠራሽ ነው" አለ እንድሪስ።

"ይጥራ። እኔ ሌላ ጠሪ አለኝ" አሉና ከመድረኩ እግር ሥር፣ እርጥቡ ሣር ላይ ተቀመጡ።

ይመር ወጣ። ከበሮው ሜዳውን አንቀጠቀጠው፤ ሐይቁ ዳር የተቀመጡት ወፎች ሳይቀሩ ተነሱ። ይመር አወጣ፦

"ከምንጭ ዳር ያለሽው ድምፅሽ ይሰማኛል፣
አንቺ ካልተቀበልሽ ማንስ ያግዘኛል?"

የቆቦ ጎረምሶች ተቀበሉ፣ እንድሪስ ተቀበለ፣ ሜላት በተዘጋ ድምፅዋ ተቀበለች፣ ወንዳፍራሽም በሩን ሳይለቅ ከበሩ ላይ ሆኖ ተቀበለ። ሜዳው በሙሉ "አለሁ፣ አለሁ፣ ወዲህ አለሁ" አለ። እትዬ ጦይባ ብቻ አልተቀበሉም። እየሰሙ ነበር።

ይመር ዝቅ ብሎ አያቸው። እንደ አባቱ ጠበቀና ያንኑ ደግሞ አወጣ። ማን ያግዘኛል ሲል ሜዳው ዝም አለ፤ ማን ዝም በሉ እንዳላቸው አይታወቅም። እትዬ ጦይባ ብቻቸውን መለሱ፦

"አለሁ።"

አውቶቡሱን ለምትጠይቁ፣ አውቶቡሱ ያለ ተሳፋሪ አልሄድም አለ፣ ተሳፋሪዎቹም ዘፈኑ ሳያልቅ አንሳፈርም አሉ፣ ዘፈኑም ተቀባይ እስካለ አላልቅም አለ። ሾፌሩ ይህን ሲያይ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ከተቀባዮቹ ጋር ቆመ።

እኔ አወጣሁ። የቀረው የእናንተ ነው።