ጥሩምባው ያለ ሟች አይነፋም

ተረት ተረት፣ ውሃ የሞላው በረት! በሬው ወጥቷል፣ ላሟ ወጥታለች፣ ዶሮዎቹም ሳይቀሩ ወጥተዋል። የቀረው አንድ ሰው ነው። ሰውየው አቶ ይስማው ይባላል፤ ያለውም ጣሪያው ላይ ነው።

ጣሪያ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ ትሉኝ ይሆናል። ማለዳ ወንዙ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው፣ የጭላ ሜዳ ሰው ሁሉ ከብቱንና ልጁን ይዞ ጉብታው ላይ ወጣ። ይስማውም ከሚስቱ ከአንጓች ጋር በሰላም ወጥቶ ነበር። ነገር ግን የእድሩ ዳኛ እሱ ነውና፣ የእድሩ መዝገብ እቤት መቅረቱ ትዝ አለው።

«ሰው ለመዝገብ ብሎ ይሞታል?» አለችው አንጓች።

«ደንቡ ያለው እሱ ውስጥ ነው» ብሏት ተመለሰ።

መዝገቡን አገኘው፤ መመለሻውን ግን ውሃ ዋጠበት። በመስኮት ወጥቶ ቆርቆሮው ላይ ተፈናጠጠ፤ መዝገቡን በላስቲክ ጠቅልሎ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው፤ የጭቃ ቤት ደግሞ ውሃ ሲጠግብ ይተኛል። አንጓች ይህን ታውቃለች፤ ግድግዳውን የመረገችው ራሷ ናት። ከሠላሳ ዓመት ትዳር በኋላ ባሏን ጭቃ እንዲበላባት አልፈለገችም። የፈለገችው አንድ ታንኳ ብቻ ነው።

ጉብታው ላይ ታንኳም፣ ገመድም፣ ሰውም ነበር። ማኅበር በሽ በሽ ነው። እያንዳንዱ ማኅበር የየራሱን ዛፍ ይዟል፤ በየዛፉ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ በየሰሌዳው ላይም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ተጽፏል። ከዛፍ እስከ ዛፍ ያለው ርቀት ሰው ቢያነጥስ «ይማርህ» የሚያስብል ነው።

አንጓች መጀመሪያ ወደ ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሮጠች። ሊቀ መንበሩ አቶ ጓንጉል ታንኳው ላይ ቁጭ ብሎ ታንኳውን ይጠብቃል።

«አያ ጓንጉል፣ ታንኳውን! ይስማው ጣሪያ ላይ ነው!»

«አየሁት እንጂ፣ እኔስ ዓይን የለኝም? ግን ውሃው ኃይለኛ ነው። ከዳር ሆኖ የሚይዘው ገመድ ከሌለ ታንኳውንም እኔንም ይዞን ይሄዳል። ገመዱ ወጣቶቹ ጋ ነው።»

ታንኳው ያለ ገመድ አይሄድም፤ ይስማው ጣሪያ ላይ ነው።

አንጓች ወደ ወጣቶች ማኅበር ሮጠች። በገመድ ጉተታ ውድድር ዋንጫ የበሉበት ጠብደል ገመድ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ወጣቶቹ ደግሞ ገመዱ ላይ ተጋድመዋል።

«እትዬ፣ ከማለዳ ጀምሮ የሰው ከብት ስንጎትት ውለን እጃችን ዝሏል» አለ ሰብሳቢያቸው። «ባዶ ሆድ ገመድ ቢይዝ ገመዱ ነው የሚጎትተው። ሴቶቹ ገንፎ እናበላችኋለን ብለው ነበር፤ ይኸው እስካሁን ሽታውም የለ።»

ገመዱ ያለ ገንፎ አይሳብም፤ ታንኳው ያለ ገመድ አይሄድም፤ ይስማው ጣሪያ ላይ ነው። ውሃው መስኮቱ ጋ ደርሷል።

አንጓች ወደ ሴቶች ማኅበር ሮጠች። ጉልቻው ተጎልቷል፣ እሳቱ ነዷል፣ ውሃው በትልቁ ድስት ይንተከተካል። ወይዘሮ ስንዱ ማማሰያዋን ይዛ ባዶ ውሃ ታማስላለች።

«ስንዱ እህቴ፣ ምን ነክቶሽ ነው ውሃ የምታማስይው?»

«ዱቄት እስኪመጣ እጄ እንዳይረሳ ነው! ዱቄቱ እንደሆነ የእርዳታ ድርጅቱ መኪና ላይ ተቆልፎበታል። ያ ልጅ አልከፍትም ብሏል።»

ገንፎው ያለ ዱቄት አይገነፋም፤ ገመዱ ያለ ገንፎ አይሳብም፤ ታንኳው ያለ ገመድ አይሄድም፤ ይስማው ጣሪያ ላይ ነው። ውሃው መስኮቱን አጋምሷል።

አንጓች ወደ መኪናው ሮጠች። የእርዳታ ድርጅቱ ሠራተኛ አቶ ናሁሰናይ ይባላል፤ ከከተማ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ ዓይኑም ጣሪያው ላይ ካለው ሰውዬ አልተነቀለም።

«እማማ፣ እኔም ጨንቆኛል» አላት፤ እውነቱን ነው፣ ከንፈሩ ደርቋል። «ግን ባለፈው ዓመት ሁሉም ማኅበር ለየራሱ ሰው ሲያድል አንዱ ቤት አራት ጆንያ ገባ፣ ሌላው ቤት ባዶውን አደረ። ከዚያ ወዲህ ማኅበራቱ በሙሉ ተሰብስበው ሳይፈርሙ ዱቄት አይወጣም ተብሏል።»

«ታዲያ ሰብስባቸዋ! ይኸው አንድ ጉብታ ላይ ናቸው!»

«ሰብስቤ ነበር። ዝናቡ የስም መዝገቡን አራሰውና ተበተኑ። ድንኳን ያስፈልገናል።»

ስብሰባው ያለ ድንኳን አይቀመጥም፤ ዱቄቱ ያለ ስብሰባ አይወጣም፤ ገንፎው ያለ ዱቄት አይገነፋም፤ ገመዱ ያለ ገንፎ አይሳብም፤ ታንኳው ያለ ገመድ አይሄድም፤ ይስማው ጣሪያ ላይ ነው። መስኮቱ ጠፍቷል።

ድንኳን ያለው ማን ነው? እድሩ ነዋ! አንጓች ወደ አያ ጫንያለው በረረች። አያ ጫንያለው የእድሩ ንብረት ጠባቂም፣ ጥሩምባ ነፊም ነው። በተጠቀለለው ድንኳን ላይ ተቀምጦ፣ ጥሩምባውን ታቅፎ፣ ዝናብ ይመታዋል።

«አያ ጫንያለው፣ ድንኳኑን ትከለው!»

«ጥሩምባ ሳይነፋ?»

«እንግዲያው ንፋው!»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም!»

«እሰይ፣ ተመስገን! እንግዲያው አይነፋም።» ጥሩምባውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «አንቺ የዳኛው ሚስት ሆነሽ ይህን ታጪዋለሽ? እንደ ፈቀደ ቢነፋ ኖሮ ማን ጥሩምባ ሰምቶ ይወጣ ነበር? ዳኛው ካዘዘኝ ግን እነፋለሁ፤ ወንድ ልጅ ነኝ።»

ዳኛውማ ጣሪያ ላይ ነው። አንጓች ውሃው ዳር ወርዳ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች።

«ይስማውውው! ጥሩምባው ይነፋ በል!»

ከጣሪያው ላይ ድምፅ መጣ። «ማን ሞተ?»

«ማንም!»

«እንግዲያው አይነፋም! አንቀጽ ሦስት!»

«አንተ ልትሞት ነው እኮ!»

«ልትሞት እና ሞተ አንድ ነው? ደንቡ 'ሲሞት' ነው የሚለው!» መዝገቡን ከብብቱ አውጥቶ ከፍ አድርጎ አሳያት፤ ከዚያ ርቀት የምታነብለት ይመስል።

ጥሩምባው ያለ ሟች አይነፋም፤ ድንኳኑ ያለ ጥሩምባ አይተከልም፤ ስብሰባው ያለ ድንኳን አይቀመጥም፤ ዱቄቱ ያለ ስብሰባ አይወጣም፤ ገንፎው ያለ ዱቄት አይገነፋም፤ ገመዱ ያለ ገንፎ አይሳብም፤ ታንኳው ያለ ገመድ አይሄድም፤ ይስማው ጣሪያ ላይ ነው። ውሃው የቆርቆሮውን ጠርዝ እየላሰ ነው፤ ቤቱም ወደ ግራ ዘንበል ብሏል።

አንጓች ቆመች። ፈራች፣ ተናደደች፣ ደግሞም ያንን ግትር ራሱን ከልቧ ወደደችው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚህ ሰው ጋር ስትከራከር ኖራለች፤ አንድ ቀን እንኳን በደንብ አሸንፋው አታውቅም። አሁን ግን መንገዱ ታያት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ፀጉሯን በተነች፤ ወደ አያ ጫንያለውም ተመለሰች።

«ይስማው ሞተ» አለች።

«ምን?! አሁን ሲጮህ ሰማሁት እኮ!»

«ሚስቱ እኔ ነኝ ወይስ አንተ? አንቀጽ አምስት ምን ይላል?»

አያ ጫንያለው አንቀጽ አምስትን በቃሉ ያውቀዋል። «'መርዶውን የሚያመጣ የቅርብ ዘመድ ነው፤ ጥሩምባ ነፊም የዘመድን ቃል አይጠራጠርም'» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያም እንባው ዱብ ዱብ አለ። ተነሥቶ ጥሩምባውን ነፋው።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ! የእድራችን ዳኛ አቶ ይስማው አርፈዋልና ውጣ!»

«አልሞትኩም!» የሚል ድምፅ ከጣሪያው መጣ።

«ሟች በገዛ ቀብሩ አስተያየት አይሰጥም!» ብሎ አያ ጫንያለው ደግሞ ነፋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጓንጉል የእድሩ አባል ነው። ወጣቶቹም፣ ስንዱም አባል ናቸው። ናሁሰናይንም አከራዩ በመጣ በሳምንቱ አስመዝግበውታል። በጭላ ሜዳ ስብሰባ የሚቀር ሰው ሞልቷል፤ ጥሩምባ ተነፍቶ የሚቀር ግን አልተወለደም። ዛፎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ባዶ ሆኑ።

ጥሩምባው ስለተነፋ ድንኳኑ ተተከለ። ድንኳኑ ስለተተከለ ስብሰባው ተቀመጠ፤ እንዲያውም አልተቀመጠም፣ ቆሞ ፈረመ። ስብሰባው ስለፈረመ ዱቄቱ ወጣ። ዱቄቱ ስለወጣ ገንፎው ተገነፋ፤ ውሃው ፈልቶ ስለቆየ ለመገንፋት ዓይን ጨፍኖ መግለጥ ያህል እንኳን አልፈጀም። ገንፎው ስለተገነፋ ወጣቶቹ እያለቀሱም እየተቃጠሉም ዋጡት። ገንፎው ስለተዋጠ ገመዱ ተያዘ። ገመዱ ስለተያዘ ታንኳው ሄደ። አንጓችም ማንንም ሳታስፈቅድ ታንኳው ላይ ወጣች።

ይስማው ጠበቃቸው፤ ውሃው ጉልበቱ ላይ ደርሷል።

«ማን ሞተ?» አለ።

«አንተ ነህ። ና ግባ» አለችው አንጓች።

«ማን ፈቅዶ?»

በዚህ መሐል ቤቱ አቃሰተና ተኛ። ጓንጉል የይስማውን ኮሌታ፣ አንጓች ደግሞ እግሩን ያዙ። ከዳር ሆነው ሠላሳ ወጣቶች ገመዱን ሳቡ። መዝገቡ አልወደቀም፤ በጥርሱ ነክሶታል።

ጉብታው ላይ ሲደርስ ለቅሶው ገና አልበረደም ነበር፤ የተጀመረ ለቅሶ በቀላሉ አይቆምም። ይስማው በራሱ ድንኳን ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ በራሱ ለቅሶ ላይ ገንፎ ተሰጠው። አንዱ ደረቱን ይመታል፣ አንዷ «ዳኛዬ፣ ማን ይገሥጸን እንግዲህ» ትላለች። ሰው እንዲህ እንደሚወደው አላወቀም ነበር። ማንኪያው እጁ ላይ ቀረ፤ እሱም አልቅሶ አልቅሶ ሲጨርስ አያ ጫንያለው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዳኛ፣ በሐሰት ጥሩምባ ያስነፋ ይቀጣል ይላል ደንቡ።»

ሁሉም አንጓችን አየ። ይስማው መዝገቡን ገለጠ፤ አንቀጽ ሦስት ላይ ደረሰ። እስክሪብቶ ከናሁሰናይ ኪስ ወስዶ ሰረዘና ከሥሩ አንድ መስመር ጻፈ። አንጓች ምን እንደጻፈ ብትጠይቀው ሊነግራት አልፈቀደም።

በዓመቱ ወንዙ እንደገና አበጠ። ውሃው ገና ሜዳውን ሳይነካ፣ በጠራራ ፀሐይ ጥሩምባ ተነፋ። ጓንጉል ታንኳውን፣ ወጣቶቹ ገመዳቸውን፣ ስንዱ ድስቷን፣ ናሁሰናይ ቁልፉን ይዘው አንድ ድንኳን ሥር ተሰበሰቡ። አንጓች ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እያለከለከች ደረሰች።

«ማን ሞተ?» አለች።

ይስማው መዝገቡን ዘጋ። «ማንም። እንዳይሞት ነው የተነፋው» አላት።

ተረቴም ደረቅ መሬት ወጣች፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ።