ዋጋ የማይነገርበት ጥፍር ቤት

ሰዓዳ ጥፍር ቤቷን ልትዘጋ የደረሰችው ሥራ ስለማትችል አይደለም፤ ዋጋዋን አፍ አውጥታ መናገር ስለማትችል ነው። ደሴ፣ እኛ ሰፈር፣ ዛሬ ልብስ ሰፊውም ዳቦ ሻጩም የሚጠቅሳት አንዲት አባባል አለች። ብዙ ሰው ከጥንት የመጣች ትመስለዋለች። አይደለችም። መጀመሪያ ስትነገር ጥፍር ቤቱ ውስጥ ነበርኩ፤ ጣቶቼ ቀለም ማድረቂያው መብራት ሥር ስለነበሩ ልሂድ ብልም አልችልም ነበር።

የሰዓዳ ሙያ አይታማም። የተሰነጠቀ ጥፍር ታቃናለች፤ ቀለሟ ሳምንታት ቢያልፉም አይላጥም። «ስንት ነው?» ስትባል ግን የሰደቧት ያህል ትደነግጣለች።

«ኧረ ተይ! እኔና አንቺ መሃል ደግሞ ዋጋ? እንዳቅምሽ!»

ይህ «እንዳቅምሽ» ደግነት ይመስላል። ፈተና ነው። ብታሳንስ ስስታም ትባላለህ፤ ብታበዛ ጉራ ይሆናል። ስለዚህ ሰፈርተኛው የራሱን መላ ፈጠረ፤ ዕቃ ማምጣት ጀመረ። አንዷ ሙዝ፣ ሌላዋ ስኳር። ሚዜዎቿን ሁሉ ያሠራች ሙሽራ ደግሞ ዶሮ አመጣች፤ ከነሕይወቷ። ዶሮዋ በቀለም ጠርሙሶቹ መሃል ትመላለስ ነበር። የቤቱ አከራይ ግን ኪራይ በሙዝ አይቀበሉም፤ ሰዓዳም ወንበሩንና መብራቱን የሚገዛ ሰው መፈለግ ጀምራ ነበር።

«ደንበኛ ራቀኝ፤ ተወድጄባቸው ይሆን?» አለችኝ።

ዋጋ ያልጠራ ሰው እንዴት እንደሚወደድ እንድታስረዳኝ ጠየቅኳት። አኮረፈችኝ።

አባባሏ በተነገረችበት ቅዳሜ እትዬ ሸዋረገድ እግራቸውን ሳፋ ውስጥ ነክረው ተቀምጠዋል። ወገባቸው ስለማይታጠፍላቸው የእግር ጥፍራቸውን የምትቆርጥላቸው ሰዓዳ ናት። ቆርጣ ጨርሳ ተረከዛቸውን ስታሽ አስካል ገባች። አስካል የሰዓዳ የልጅነት ጓደኛ ናት፤ ቤቷ ከዚያው ጀርባ ሆኖ ሳለ ከጠፋች ሰንብታለች። የወንድሟን የሠርግ መጥሪያ ልትሰጥ እጇን ስትዘረጋ ጥፍሮቿ ቀይ ሆነው አብረቀረቁ።

ሰዓዳ መጥሪያውን አልተቀበለችም። «ማን ሠራሽ?»

አስካል እጇን ጃኬቷ ኪስ ከተተች። «መናኸሪያው ጋ ያለችው።»

«ያቺ? ዳር ዳሩን በልታዋለች እኮ! ቀለሙ ሥጋሽ ላይ ፈሷል!»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ እኔ ምን በደልኩሽ? በነፃ አይደል የምሠራሽ?»

«በደልሽ እሱ ነው!» አለች አስካል። «እዚያ ዋጋው ግድግዳ ላይ ተጽፏል። ከፍዬ ቀና ብዬ እወጣለሁ። አንቺ ጋ ስመጣ ግን ጭንቀቴ ከቤቴ ይጀምራል። ስሰጥሽ ትመልሻለሽ፤ ሳልከፍል ስወጣ ዕዳ ሆኖ ይከብደኛል። ባለፈው መንገድ ላይ ሳይሽ ጥግ ይዤ ያለፍኩት ለዚህ ነው።»

«አላየችኝም ብዬ ነበር» አለች ሰዓዳ፣ ድምፅዋ ሰልሎ።

«አይቼሻለሁ።»

ዶሮዋ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ትጭራለች።

እትዬ ሸዋረገድ እግራቸውን ከሳፋው አወጡ። «ሰዓዳ፣ የእኔ ስንት ነው?»

«እትዬ ደግሞ! ከእርስዎ ጋር...»

«ስንት ነው አልኩ!»

«እንዳቅምዎ...»

«አቅሜን ማን ጠየቀሽ? እኔ የጠየቅኩት የልፋትሽን ነው።»

ሰዓዳ ወደኔ ዞረች። «እኔን አትይኝ» አልኳት።

«ሰማንያ ብር» አለች በሹክሹክታ።

«ጮክ በይ፤ ጆሮዬ ደክሟል።»

«ሰማንያ ብር!» በደጅ የሚያልፍ ጋሪ ነጂ ሳይቀር ዘወር ብሎ አያት።

«በዛ» አሉ እትዬ ሸዋረገድ ኮስተር ብለው። «ስድሳ።»

እሺ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ሰዓዳ ግን ፎጣውን አጣጠፈች፣ እንደገና ዘረጋችው፤ ከዚያ አገጯን ቀና አደረገች። «ሰባ። ከዚያ አልወርድም፤ ተረከዝዎን ለማለስለስ ጉልበቴ አልቋል።»

አስካል ሳቋ አመለጣት። ባዶው ወንበር ላይ ዘፍ ብላ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። «በይ ይሄን ጉድ አስለቅቂልኝ። ስንት ነው?»

«ማስለቀቂያው ሠላሳ፤ አዲሱ ለብቻ ነው» አለች ሰዓዳ፤ መጥሪያውን ተቀብላ መስታወቱ ላይ ሰካችው።

«ይሁን። ግን እንደዚያችኛዋ ሥጋዬን ብትቀቢኝ አልከፍልም።»

እትዬ ሸዋረገድ ሰባ ብራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ እግራቸውን አደራርቀው፣ ጫማቸውን አጥልቀው ተነሡ። ሰዓዳ ልትደግፋቸው ብትነሣ «ሥራሽን ሥሪ፤ ደንበኛ ይዘሻል» ብለው መለሷት። ወጥተው በሩን ገጭ አድርገው እየዘጉ ነው እንግዲህ፣ «ዋጋውን የደበቀ ወዳጁን አራቀ» ያሉት።