ሌባ የማይደርስበት ብር

ፊታውራሪ አንዳርጌ ሀብታቸውን ሁሉ ወደ ብር ሊለውጡ አሰቡ። ጠገራ ብር ልግዛ፣ ጥፍጥፍ ብር ልግዛ ወይስ አምባርና ድሪ እያሉ ሲጨነቁ ሰነበቱ። በመጨረሻ በምላሷ የታወቀችውን አንዲት ጥጥ ፈታይ አስጠሩ። ሴትዮዋ ከእናቷ የወረሰችው የብር አምባር በእጇ ላይ ነበር፤ ሌላ ጌጥ የላትም። ገና ስትገባ የፊታውራሪው ዓይን አምባሩ ላይ ሲያርፍ አይታ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«ስሚ አንቺ!» አሏት በሹማምንቱ ፊት። «ብር ልገዛ ነው፤ ከጠገራው፣ ከጥፍጥፉ፣ ከአምባሩና ከድሪው ሌባ የማይወስደው የቱ ነው? ምረጪልኝ። ሌባ የሚወስደውን ከመረጥሽ ግን ያ አምባር የእኔ ነው።» እጃቸውንም ከወዲሁ ዘረጉ።

ሴትዮዋ ነገሩ ገባት። ሌባ የማይወስደው ብር ከየት ይመጣል?

«ጌታዬ፣ እኛ ሁሉንም ሞክረነዋል» አለች። «ጠገራውን ብንቀብረው የእርስዎ ሰዎች ቆፍረው ወሰዱት። ጥፍጥፉን ጣሪያ ውስጥ ብንሸጉጠው ጣሪያውን አፍርሰው ወሰዱት። ድሪውን ብናጠልቀው ካንገታችን ፈቱት። እርስዎ ግን ደስ ያለዎትን ይግዙ። በዚህ አገር የሰው ብር የሚወስደው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከራሱ ቤት አይሰርቅም።»

ሹማምንቱ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ። ሴትዮዋ እጇን ከነጠላዋ አውጥታ ከነአምባሩ ዘረጋችላቸው።

«ዋሽታለች ካሉ ይውሰዱት።»

ፊታውራሪ የዘረጉትን እጅ የሚያደርጉበት ቢያጡ ጢማቸውን ያሻሹበት ጀመር።