ከጥቅሉ ውጭ የቀሩት አምስት ቀናት

አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች። ትምህርቷን ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ጨረሰችና ለጤና ጣቢያዎች የቀጠሮ ፕሮግራም በሚሠራ ትንሽ ድርጅት ተቀጠረች። ፕሮግራሙ የሚኖረው በጤና ጣቢያዎቹ ኮምፒውተሮች ውስጥ ሳይሆን፣ ክላውድ በሚሉት፣ በኢንተርኔት በሚደረስበት ሩቅ ማከማቻ ውስጥ ነበር። የጤና ጣቢያዎቹ ፋርማሲዎች መድኃኒት የሚሰጡት ፕሮግራሙ በሚያወጣው የዕለቱ ዝርዝር ላይ ስሙ ለወጣ ሰው ብቻ ነው።

ድርጅቱ ጥብቅ ደንብ ነበረው። ማንኛውም ሥራ መጀመሪያ በሙከራ ቦታ ይሠራል፣ ይፈተሻል፣ ከዚያ በጥቅል ታስሮ ሕሙማን ወደሚገለገሉበት ቦታ ይሻገራል። እዚያ በቀጥታ ገብቶ በእጅ መነካካት ነውር ነው።

ለባለሙያዋ የተሰጣት የመጀመሪያ ሥራ የቀን መቁጠሪያው ነበር። ሠራችው፤ ተመሰገነችበት። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ግን አንድ ነገር አየች። የሠራቻቸው ወራት አሥራ ሁለት ናቸው። የተማረችባቸው የፈረንጅ መጻሕፍት ሁሉ ዓመት አሥራ ሁለት ወር ነው ስለሚሉ ጳጉሜን ረስታታለች።

በቢሮው ምንተስኖት የሚባል ቀልደኛ ነበር። የሰው ስህተት ካገኘ በዚያው ቅጽል ስም ያወጣል። «አሥራ ሁለት ወር» ተብላ ስትጠራ ገና ከአሁኑ በጆሮዋ የሰማች መሰላት። ስለዚህ አንድ እሑድ ጠዋት ማንም ሳያይ ሕሙማን ወደሚገለገሉበት ቦታ ገብታ ጳጉሜን በእጇ ጨመረች። በጥቅል አላሰረችውም፤ የትም አልጻፈችውም። አምስት ዓመት አለፈ። ጳጉሜ በመጣ ቁጥር ሁሉም በሰላም ያልፍ ነበር።

ከዚያ ድርጅቱ ወደ ሌላ ክላውድ ሊዛወር ሆነ። አለቃው አቶ ዘርይሁን ሠራተኞቹን ሰበሰቡ።

«የኪራይ ቤት ስትለቁ በካርቶን ያሰራችሁት አብሯችሁ ይሄዳል» አሉ። «ግድግዳው ላይ የመታችሁት ሚስማር ግን እዚያው ይቀራል። ከጥቅል ውጭ ሚስማር የመታ ካለ አሁን ይናገር።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሠርግ ሆነ!» አለ ምንተስኖት። «ተቃዋሚ ካለ እጁን ያውጣ በሉና!»

ሁሉም ሳቀ። አቶ ዘርይሁን ግን ሳይስቁ እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ ጠየቁ።

«ትርሲት፣ ያንቺስ?»

«የኔ ሁሉም ጥቅሉ ውስጥ ነው» አለች ባለሙያዋ።

እዚህ ላይ «ባለሙያዋ» ማለቴን ልተው። ትርሲት እኔ ነኝ። ታሪኩን እንደ ሌላ ሰው ታሪክ እስከ መጨረሻው ልወስደው አስቤ ነበር። እዚህ ስደርስ ግን ለሁለተኛ ጊዜ የምዋሽ መሰለኝ።

ዝውውሩ የተደረገው ነሐሴ ሃያ ሁለት ነው። ጥቅሎቹ ተሻገሩ፤ ዳታውም አንድ ስም ሳይጎድል ተከተለ፤ ተጨበጨበ። እኔ በልቤ «አዲሱም ቦታ ገብቼ በእጄ እጨምረዋለሁ» ብዬ ነበር። በማግስቱ ስሞክር አዲሱ ቦታ በጥቅል ካልመጣ ምንም ነገር አልቀበልም አለኝ። በጥቅል ማምጣት ደግሞ ስህተቴን ለሁሉም መግለጥ ነበር። የጳጉሜ ቀጠሮ ያላቸው ሰዎች ስማቸው ተሻግሯል፤ ስማቸው የሚወጣበት ቀን ግን የለም። ስምንት ቀን ነበረኝ። ስምንቱንም ቀን «ነገ እናገራለሁ» አልኩ።

ጳጉሜ አንድ ጠዋት የቢሮው ስልክ ጮኸ። ከአንድ ጤና ጣቢያ የደወለችው ሲስተር አስናቀች ናት።

«የዛሬ ዝርዝር ባዶ ነው» አለችኝ። «ጋሽ ደምሰው ኢንሱሊን ሊወስዱ ከሩቅ መጥተው ስማቸው የለም። እሳቸው ጋ የቀረው ደግሞ የዛሬ ብቻ ነው።»

«እስቲ ስልኩን ስጪኝ» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ሰማሁ። «ልጄ፣ የኮምፒውተሩ ሰዎች እናንተ ናችሁ? ወረቀቴ ጳጉሜ አንድ ይላል። ኮምፒውተሩ ጳጉሜን ቢያርፍ መብቱ ነው። የኔ ስኳር ግን አያርፍም።»

ስልኩን ዘግቼ አቶ ዘርይሁን ቢሮ ገባሁ። ምንተስኖትም እዚያው ተቀምጧል። ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ፤ እሑዱንም፣ ስምንቱንም ቀን።

«የረሳሽው አምስት ቀን ነው» አሉኝ አቶ ዘርይሁን። «የደበቅሽው ግን አምስት ዓመት። ለአምስቱ ቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ ሂጂና ሥሪው።»

ወደ ኮምፒውተሬ ስመለስ ምንተስኖት ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። በሙከራ ቦታ ሠራነው፣ ፈተሽነው፣ አሰርነው፣ አሻገርነው። የአሥራ ሁለት ሰዎች ስም ዝርዝሩ ላይ ወጣ። ቅጽል ስሜን እየጠበቅሁ ነበር። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ትርሲትዬ፣ የኔም አንድ ሚስማር አለ» አለኝ።

ሲስተር አስናቀች ወደ ቤታቸው ሊመለሱ የወጡትን ጋሽ ደምሰውን መናኸሪያ ድረስ ሮጣ፣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ለቀሩት አሥራ አንድ ሰዎች ተደወለ። የአንዲት ሴት ስልክ እስከ ጳጉሜ ሦስት ዝግ ነበር። ከጎረቤቷ መድኃኒት ተበድራ ደህና ቆይታለች። እኔ ግን ያንን ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን ነው።

ሰው ከቦታ ወደ ቦታ ሲሻገር የገለጠውን ይዞ ይሄዳል። የደበቀው እዚያው ይቀራል፤ ጉድለቱም የሚወድቀው በደበቀው ሰው ላይ ሳይሆን ምንም በማያውቅ ሌላ ሰው ላይ ነው። ስህተቴ ትንሽ ነበር፤ ያሳደገው እፍረቴ ነው።

እናንተስ ማንም ሳያያችሁ የመታችሁት ሚስማር የት ግድግዳ ላይ ቀርቷል? ነገ ያንን ሚስማር ፈልጎ የሚያጣውስ ማን ነው?